የአማቼ መኪና ለምን አልነሳም?

«ባትሪው ይሆናል» ብል፣ የልጄ ባል፣ መምህሩ አማቼ፣ «አባባ፣ እርስዎ ዝም ይበሉ፤ መኪና በሬ አይደለም!» አለኝ።

ዛሬ ለልጅ ልጄ ሚስት ልንጠይቅ፣ ከሆሳዕና ተነስተን አራት ሰዓት ጊምቢቹ እንድንደርስ ተቀጥረናል። የልጅቷ አባት «ካረፈዳችሁ እንዳትመጡ» ያሉ ሰው ናቸው።

መኪናው ግን አልነሳ አለ። አማቼ ኮፈኑን ከፍቶ «ነዳጅ ነው» አለ፤ ቆይቶ «ሞተር ነው» አለ። ተማሪው እንዲህ ቢመልስ ዜሮ ይሰጠው ነበር።

የጠራነው መካኒክ መጥቶ ሳቀ፤ ባትሪው አልቋል። አማቼ መኪና መግዛቱን ሰፈሩ እንዲሰማለት ሞተሩን ሳያስነሳ ከንጋት ጀምሮ መዝሙር ለቋል። የመንገዱን ጸሎት ሲያስረዝምም ቴፑን አልዘጋም።

ገፍተን አስነስተን ስድስት ሰዓት ደረስን። አባትየው በሩን ይዘው «ምን አቆያችሁ?» አሉ።

አማቼ አንገቱን ደፍቶ «ጸሎት» አለ። ወዲያው አስገቡን!

እኔም በጋቢዬ ሳቄን ሸፈንኩ። ምን ላድርግ፣ አልዋሸም እኮ።

የእናንተስ አማች መኪና ምን ሆኖ ቆሞ ያውቃል? ጻፉልኝ፣ ለአማቼ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ።