በአባቴ ኪስ የነበረው ስልክ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ብዙ ኃጢአት ዘርዝሬያለሁ፤ ይህኛውን ግን ሁልጊዜ እየዘለልሁት አልፋለሁ። አሁን ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ ልናገር። የማያውቁት ሰው ፊት ማፈር ይቀላል።

ቢቸና ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ከመምህርነታቸው ይልቅ ግን የታወቁት በአስታራቂነታቸው ነበር። የተጣላ ባልና ሚስት፣ ወሰን የተጋፋ ጎረቤት ከደብረ ወርቅ ድረስ እየመጣ «እርስዎ ይዩልን» ይላቸው ነበር። እናታችን ስትሞት እኔ ዘንድ ገቡ።

በእናታችን ተዝካር ቀን ታናሽ እህቴን የሺን ሰው ፊት አዋረድኋት። «በሕይወት ሳለች ሳትጠይቂያት አሁን ምን ያስለቅስሻል?» አልኋት። ውሸት ነበር፤ እናታችንን ያስታመመቻት እርሷ ናት። የተናደድሁት በሞት ነበር፤ ንዴቴን ያራገፍሁት ግን በእርሷ ላይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኳረፍን።

በዚያው ሰሞን ስልኬ ላይ አንድ አፕ ጭኜ ነበር። እነዚህን ሽልማት እንሰጣለን የሚሉ አፖች ከጅምራቸው አውቃቸዋለሁ። መጀመሪያ ማስታወቂያ ላየ ነጥብ ይሰጡ ነበር፤ ቀጥሎ ጥያቄ ለመለሰ፣ ከዚያም ወዳጅ ለጋበዘ። ሁሉንም ሞክሬ ከአንድ ሁለት ጊዜ የስልክ ካርድ በቀር ያገኘሁት የለም። ይህኛው ግን እርምጃ ይቆጥራል። ስልኩን በኪስህ ይዘህ ከሄድህ ነጥብ ነው፤ ነጥቡ ሲሞላ አዲስ ስልክ ይሸልምሃል ይላል፣ ከነፎቶው። ለልብስ ሰፊ ይህ ምን ይረባዋል? እግሬ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ይውላል፤ አፑ ግን አንዲት እርምጃ አይቆጥርልኝም። ስልኩን ቁርጭምጭሚቴ ላይ አስሬ ሁሉ ሞክሬያለሁ። ደንበኛ አይቶ ምን ሆነህ ነው ቢለኝ ወለምታ ነው አልሁት።

አባቴ የልጆቻቸውን ኩርፊያ አልቻሉትም። አንድ ጠዋት ከዘራቸውን አንሥተው ለእርቅ ወደ የሺ ቤት ሄዱ። ቤቷ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። የራሳቸው ስልክ አልነበራቸውምና የእኔን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተትሁላቸው። መንገድ ላይ ቢደክምዎ ለጎረቤት ሱቅ ይደውሉ አልኋቸው።

ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። «ይቅር ብላሃለች። እሑድ ይምጣና አብረን እንብላ ብላለች» አሉኝ። እኔ የማየው ስልኩን ነበር። ያን ያህል እርምጃ በሳምንትም አግኝቼ አላውቅም።

ነገሩ በዚያ ቀን አልቆ ነበር። አልቆ ነበር እላችኋለሁ። እኔ ግን ጾሙ ይፈታ አልሁ፤ አባቴ ሄደው ነገሯት፣ እሺ አለች። ጾሙ ሲፈታ ባሏ ባለበት ይሁን አልሁ፤ ሄዱ። ባሏም እሺ ሲል ገና ሆዴ አልቆረጠም አልሁ፤ እንደገና ሄዱ። በዳዩ እኔ፣ የምለመነውም እኔ። በክረምቱ ጭቃ አባቴን አመላለስኋቸው። ጠዋት ጠዋት ስልኩን ቻርጅ አድርጌ ኪሳቸው እከታለሁ። ኪሱ የተቀደደ ጊዜ ሰፍቼ አዝራር ጨመርሁበት፤ ለምን እንደጨመርሁ ታውቃላችሁ።

አዲሱን ስልክ ያን ያህል ፈልጌው ነበር? አይደለም፤ የነበረኝ ስልክ ደህና ይሠራል። ሰው ከእነዚህ አፖች ምን ይፈልጋል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እኔ የፈለግሁት ቁጥሩ ሲያድግ ማየት ነበር። አንገቴን ደፍቼ የሰው ሱሪ ሳሳጥር ስውል፣ የእኔ የሆነ አንድ ነገር የሆነ ቦታ እያደገ ነው ማለት ደስ ይለኝ ነበር። አባቴ የፈለጉት ደግሞ ሁለት ልጆቻቸውን በአንድ ገበታ ማየት ብቻ ነው። ይህን እያወቅሁ አደረግሁት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አፑ አንድ ጠዋት ደንቡን ቀየረ። ከእንግዲህ እርምጃ ብቻውን አይበቃም፣ ወዳጅ ጋብዙ አለ፤ የተጠራቀመው ነጥብም ዜሮ ሆነ። የዚያን ዕለት ሱቄን ዘግቼ በእግሬ የሺ ዘንድ ሄድሁ። «ወንድም ዓለም፣ ይህን ያህል ጠልተኸኝ ነበር?» ብላ አለቀሰች። ታረቅን።

ብዙም ሳይቆይ በወሰን የተጣሉ ሁለት ሰዎች አባቴን ፍለጋ ሱቄ መጡ።

«እኔን ተዉኝ» አሏቸው አባቴ ቀስ ብለው። «የሁለት ልጆቼን ነገር ክረምት ሙሉ መቋጨት ያቃተኝ ሰው ለእናንተ ምን እረባችኋለሁ?»

እኔ እዚያው ጨርቅ እቆርጥ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አስታርቀውናል ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። አላልሁም። አባቴ ከዚያ ወዲህ ለእርቅ ተቀምጠው አያውቁም።

አሁን ሞጣ ከየሺ ጋር ናቸው፤ ባሏ ወደዚያ ተዛውሯል። ከጎረቤታቸው ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ጋር ይዋደዳሉ። ባለፈው ልጠይቃቸው ሄጄ ሦስታችን ሻይ ስንጠጣ፣ አባቴ የዚያን አሮጌ ካፖርት ኪስ ለሐጂ አሳዩ።

«ልጄ ኩራተኛ ነው፣ አልዋሽዎትም» አሉ። «ግን መንገድ ላይ ብወድቅ ብሎ ያለ ስልክ ከቤት አያስወጣኝም ነበር። አዝራሯን ይዩዋት። እንዳይወድቅብኝ ብሎ የሰፋት እርሱ ነው።»

ሐጂ መረቁኝ። እኔም አሜን አልሁ።

እውነቱን ብነግራቸው አስታራቂነታቸውን እመልስላቸዋለሁ፤ ያችን አዝራር ግን እወስድባቸዋለሁ። ይህንንም ዝም ለማለት ሰበብ እንዳደረግሁት አውቃለሁ። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅር ማለት የእናንተ አይደለም። ቅዳሜ በሞጣ ሚኒባስ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜም እንዲሁ ብዬ ነበር፤ ሄጄ፣ ሻይ ጠጥቼ ተመለስሁ።