የማይቀመጠው ዜኖቪ

ኮሎሚያ ከተማ ውስጥ ዜኖቪን የማያውቅ የለም። የእግር ኳስ አማካይ ተጫዋች ነው። በአስራ አራት ዓመት ዘጠኝ ክለብ ቀያይሯል። አንዱ ጋ ሁለት ዓመት፣ አንዱ ጋ ስድስት ወር፣ አንዱ ጋማ ሻንጣውን እንኳ በደንብ ሳይፈታ ነው የተመለሰው። ሜዳ ላይ ኳሷን ከተከላካይ ተቀብሎ ለአጥቂ እስኪያደርስ ድረስ ዓይን አይይዘውም። ከሜዳ ውጪም ያው ነው፣ አንድ ቦታ አይረጋም። ተጠባባቂ ሲሆን እንኳ ዳር ዳሩን ሲንቆራጠጥ ነው የሚቆየው።

"ምነው፣ ወንበሩ ይቆነጥጥሃል እንዴ?" ይሉታል ጓደኞቹ።

እናቱ እማማ ስቴፋ ግን በዚህ ነገር አይስቁም። በአገሩ ልማድ መንገደኛ ከመውጣቱ በፊት ከሸኚዎቹ ጋር ቁጭ ብሎ ትንሽ ዝም ይላል። ካልተቀመጠ መንገዱ አይቀናውም ይባላል። ዜኖቪ ደግሞ ሁልጊዜ በር ላይ ቆሞ "በቃ እማ፣ ባቡሩ ሊያመልጠኝ ነው" ብሎ ውልቅ ነው። ክለብ የማይበረክትለት በዚህ ነው ይላሉ እሳቸው።

ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላው የዚቶሚር ከተማ አንድ ክለብ ለሙከራ ጠራው። ይሄ ካለፈው ሌላ የሚጠራው የለም፤ እሱም ያውቃል። ጠዋት ጎረቤቱ ሚሮን ጣቢያ ሊያደርሰው መጥቶ ደጅ ላይ የመኪናውን ጥሩምባ ይነፋል።

እማማ ስቴፋ በሩን ቆልፈው ቁልፉን ሽርጣቸው ኪስ ከተቱት።

"ቁጭ በል።"

"እማ፣ ሚሮን እኮ እየጠበቀ..."

"ሚሮን ይፈንዳ! ቁጭ በል አልኩህ።"

ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሁለቱም ዝም አሉ።

"በል ተነስ አሁን፣ እግዜር ይከተልህ።"

አልተነሳም። የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ገፋ። ፊቱን ላብ ችፍ አለው። ቀኝ ጉልበቱ እምቢ አለ።

እማማ ስቴፋ እጁን አዩት፣ ከዚያ ጉልበቱን።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሦስት ዓመት ሆነው። ከቆምኩ ደህና ነኝ። ስቀመጥ ነው የሚቆልፈኝ።"

ድሮ አለመቀመጡ ችኮላ ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ለካ ፍርሃት ኖሯል።

እማማ ስቴፋ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። በሩን ከፍተው ዞር አሉ። ሚሮን ዘው ብሎ ገባ።

"አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ተቀመጥክ? ምን ጉድ ነው?"

ዜኖቪ ሻንጣውን አየ፣ የተከፈተውን በር አየ።

"ሞተሩን አጥፋው፣ ሚሮን" አለ። "አልሄድም።"

ግራ እግሩ ግን ጠረጴዛው ሥር መወዛወዙን አልተወም።