የትውስት እጅ

መምህርት አብርሆት ከዋጫ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍልን ማስተማር ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። በእነዚህ ዓመታት ክፍሏ ውስጥ አርጩሜ ገብቶ አያውቅም። ልጅ ሲያጠፋ አጠገቡ ቁጭ ብላ ዝም ትላለች፤ ዝምታው ሲረዝምበት ልጁ ራሱ ይናዘዛል። ባልደረቦቿ «የአብርሆት ንስሐ ቤት» እያሉ ያሾፉባታል።

ዘንድሮ ግን የወላጆች ፊርማ ወረዳ ደረሰ፤ «ልጆቻችንን ብትወዳቸው ኖሮ ትቀጣቸው ነበር» የሚል። ጉዳዩን እንዲያይ የተላከው ወጣቱ ሱፐርቫይዘር ጃፈር ከሌላ አካባቢ በቅርቡ የተዛወረ ነው፤ የአገሬውን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ አይሰማም። ስብሰባው በአማርኛ ተጀመረ። ሰው ሲግል ወደ ልቡ ቋንቋ ይመለሳልና፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ክፍሉ ካፊኖኖ በካፊኖኖ ሆነ።

«መምህርት፣ እባክዎ ያስተርጉሙልኝ» አላት።

«የተከሰስኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ክሱን ከእርስዎ በላይ ማን በደንብ ይሰማዋል?»

ሰው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። አልፈራችም። ከኋላ እናቷ እትዬ ተሾመች፣ ከሌላ ልጇ የተወለደ፣ እዚያው አራተኛ ክፍል የሚማር የልጅ ልጇ አሳዳጊ ሆና ተቀምጣለች። አብርሆት ልጅ ሳለች መምህር ወልደሥላሴ መዳፏ እስኪያብጥ ሲገርፏት፣ በለጋ ቅቤ እያሸች «እጁ ይሰበር!» ብላ አብራት ያለቀሰችው ይህችው እናት ናት። ዛሬ ተነስታ ያንን ብቻ ብትናገር ማን ይከራከራታል?

አስቀድመው ከወላጆቹ አንዱ፣ ጋሽ ገብረሚካኤል፣ ተነሱ። «ያልተገረዘ ቡና ቅጠል እንጂ ፍሬ የለውም። ልጅም እንደዚያው ነው» ብለው ተቀመጡ።

ቀጥላ እትዬ ተሾመች ቆመች። አብርሆት የእናቷን ቃል እየተቀበለች፣ እንደ አስተርጓሚ ወግ «እኔ» የሚለውን ሳትለውጥ ወደ አማርኛ መለሰችው።

«እኔ ልጄን መምታት አልሆንልኝ አለ። የእናት እጅ ይራራል።»

ጃፈር ራሱን ነቀነቀ።

«ስለዚህ የመምህር ወልደሥላሴን እጅ ተዋስኩ። ‹ዓይኗን ብቻ ተዉልኝ› አልኳቸው። አርጩሜውን በየሰኞው ከጓሮዬ ቡና እቆርጥ ነበር። በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ፣ በቃጫ አስሬ፣ ‹ሸንኮራ ነው፣ ለመምህርሽ ስጪ› ብዬ በልጄ እጅ እልከዋለሁ።»

አብርሆት ነገሩን የሰማችው ከገዛ አፏ ከወጣ በኋላ ነው። ያኔ ታቅፋ ትወስደው የነበረው የኮባ ጤዛ ደረቷን ሲያረጥባት ተሰማት። ስጦታ የምትወስድ ተማሪ እሷ ብቻ መሆኗ እንዴት ያኮራት ነበር! በየሳምንቱ ሸንኮራ የሚበላ ሰው እንዴት እንደዚያ ይጨክናል ብላ ስንት ዓመት ተገርማለች!

«እርስዎ ነዎት የላኩት?» አለ ጃፈር ደንግጦ።

«አይደለም። እናቴ ናት።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እትዬ ተሾመች የሚያስቃቸው ባይገባትም ፈገግ አለች፤ ልጇን በኩራት እየጠቆመች ቀጠለች። አብርሆት ተረጎመች።

«ይኸው፣ ተመታችና ሰው ሆነች። ለልጅ ልጄም የማይመታ መምህር አልፈልግም።»

ጃፈር መመሪያው ዱላን እንደሚከለክል ተናገረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ደግሞ «ወላጅ ከቤቱ የሚልከውን አርጩሜ ግን ማን ይቆጣጠራል?» አለ፤ ይህቺ አነጋገሩ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳትገባም አሳሰበ። አራተኛ ክፍል ለሌላ መምህር ይሰጥ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ትመደብ የሚለው ሐሳብ ለድምፅ ቀረበ። የብዙዎቹ እጆች ወጡ። አብርሆት ከመቁጠሯ በፊት የእናቷን እጅ አየችው፤ ቀጥ ብሎ ወጥቷል።

ውጭ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። እትዬ ተሾመች በሩ ላይ ደረሰችባት።

«ቃሌን አሳምረሽ ነገርሽልኝ?»

«አሳምሬ፣ እማዬ። አንድም አላስቀረሁም።»

«ተባረኪ። በይ እጄን ያዢኝ፣ ቁልቁለቱ ያንሸራትታል።»

አብርሆት ዣንጥላዋን አቀበለቻትና ከፊት ከፊቷ ብቻዋን ወረደች።