ወንድሜ የቀጠለው ሽቦ

ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ከመሄዱ በፊት የቴፓችንን ስፒከር እንስራ አፍ ላይ ደፍቶት ነበር። ድምፁ እንዲወፍር ነው፤ ያኔ አምቦ ውስጥ ቴፕ ያለው ብዙ ቤት እንደዚያ ያደርግ ነበር። ከቴፑ እስከ እንስራው የሚደርስ ሽቦ ስላጣ ሦስት ቁራጭ የስልክ ሽቦ በጥርሱ እየላጠ ቀጣጠለው።

በሄደ በዓመቱ አንድ ጓደኛው ካሴት ይዞልን መጣ። ወንድሜ በደብዳቤ ፈንታ ድምፁን ቀድቶ ነበር የላከው። እናቴ እንስራው አጠገብ ቁጭ ብላ ሰማችው። "እማዬ፣ ደህና ነኝ" ይላል። ድምፁ ግን ቀጥኗል፤ እያረፈ ነው የሚናገረው።

"ልጄ ታሟል" አለች።

"ሽቦው ነው እማዬ። ያ ሁሉ ቅጥልጥል ድምፁን አቀጠነው" አልኳት። እውነት መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ገበያው አጠገብ ወዳለው ሬዲዮ ጠጋኝ ሄድኩ። በሩ ላይ ወንዶች ስለተቀመጡ ሁለት ጊዜ አልፌው ተመለስኩ። በመጨረሻ ጠጋኙ ራሱ ጠራኝ። አንገቴን ደፍቼ ወፍራም ሽቦ ለምን እንደፈለግሁ ነገርኩት።

"ዘፈን ስትከፍቺስ?"

"ዘፈኑ ደህና ነው።"

"ኢንተላ ኮ" አለኝ በኦሮምኛ፤ "ልጄ፣ እንግዲያ ሽቦሽም ደህና ነው። ከዚህ እስከዚያ ግድግዳ ለምትሆን ርቀት ወፍራም ቀጭን ብሎ ነገር የለም። ምንጩ ከቀጠነ ቧንቧ ብትቀይሪ ምን ይጠቅምሻል?"

"ከፈለገች ለስፒከሩ ጋቢም ትግዛለት" አለ በሩ ላይ ካሉት አንዱ። ሳቁብኝ። እኔ ግን ሽቦውን ገዝቼ ሄድኩ።

ሽቦውን ቀይሬ ካሴቱን ከፈትኩት። ያው ነው። እንዲያውም መጨረሻው ላይ፣ አፉን ይዞ ሊደብቀው የሞከረው ሳል አሁን ተሰማኝ። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ።

"አሁንስ?"

"ይሄም ሽቦ ደህና አይደለም እማዬ" አልኳት። "ሰውዬው አታለለኝ።"

እናቴ ቴፑን አጠፋችው። "ተይው በቃ። ሲመጣ ራሱ ይቀጥለዋል።"

አዲሱን ሽቦ ፈትቼ የድሮውን መለስኩት። የጥርሱ ምልክት ላስቲኩ ላይ አሁንም አለ። ቤት ስጠርግ፣ እንዳይበጠስ ብዬ ዙሪያውን ያለውን ጥራጊ በእጄ ነው የምለቅመው።