ሦስተኛው ዘፈን

በዚያ ቅዳሜ ነገሌ ውስጥ ወጣት ለውትድርና ይታፈስ ስለነበር ታላቅ ወንድሜ ከጠዋት ጀምሮ ከቤት አልወጣም ነበር። ሞያሌ የሚመላለስ ሹፌር ያመጣለትን ሸክላ ያጫውታል። ከበሮም ጊታርም የለበትም፤ ሁሉም በኤሌክትሪክ ኦርጋን የተሠራ የፈረንጅ ዘፈን ነው። እሱ የሚወደው ሦስተኛውን ነበር። ከሩቅ እየቀረበ የሚመጣ መኪና ይመስላል።

«ቤቱን ወፍጮ ቤት አደረግከው እኮ» አለችው እናታችን።

«ወፍጮው ሲያለቅስ ስሚው እንጂ፣ እማዬ።»

ሸክላውን ግን የመንገዱ ሙቀት አጣሞታል፤ መርፌው እዚያው ዘፈን ላይ ይዘላል። በሁለት መስታወት መሃል ተጭኖ ፀሐይ ላይ ቢውል ይቃናል አለ ወንድሜ።

«መስታወቱን እኔ ላምጣ» አልኩት።

«አንተ ትሰብረዋለህ። ሱቁ እኮ እዚሁ ነው።»

እናቴ በሩ ላይ ቆመችበት። በጎኗ አልፎ ወጣ።

መስታወቱን ይዞ የመጣው ባለሱቁ ነው። «ከደጄ ላይ አፈሱት» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜን አላየነውም። በኋላ የደረሰን መርዶው ብቻ ነው።

የታፈሱት የሚዘምቱበት ሰሜን ይበርዳል ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ በታፈሰ ማግስት ጠዋት ጃኬቱን ይዤ ጦር ሰፈሩ በር ሄድኩ።

«ጎህ ሳይቀድ ተጭነው ሄዱ፤ ግባ ወደ ቤትህ» አለኝ ጠባቂው።

ፀሐዩ ጠንክሯል። ጃኬቱን ለብሼ ተመለስኩ።