የኮኮናቱ የመጀመሪያ ወተት

በእኛ ሰፈር ደረቱ የታፈነ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የዶኛ ኤርሲሊያን በር ነው፤ ዶኛ እኛ ዘንድ እንደ እትዬ ነው። ፋርማሲው ሁለት ቤት አለፍ ብሎ አለ፤ ግን ማን ይሄድለታል! ኤርሲሊያ ዝንጅብሉን ከነልጣጩ ትወቅጠዋለች፣ ቀረፋ ጣል ታደርግበታለች፣ ውሃው ጠቆር እስኪል ታንተከትከውና ጥቁር ስኳር ጨምራ በጣሳ ትሰጣለች። ዝም ብላ ግን አትሰጥም። ጠያቂዋን ምድጃው አጠገብ ገትራ ታሳያታለች።

«ስንት ማንኪያ ዝንጅብል ነው የሚገባው?» ብላ የምትጠይቅ ካለች አለቀላት።

«ማንኪያውን ለሐኪም ንገሪው! ጉሮሮሽን ቆንጠጥ እስኪያደርግሽ ነው። ልጅሽን ስታሳድጊ በማንኪያ እየለካሽ ነው?»

ሆዱ ለተገለበጠበት የአጃ መጠጥ አላት። አጃው ቀድሞ ይዘፈዘፋል፤ ወተት ውስጥ በዝግታ ይበስላል፤ የሎሚ ልጣጭ ይገባበታል፣ አረንጓዴው ብቻ፣ ነጩ መራራ ያደርገዋል። ከለቅሶ ለተመለሰ ሰው ደግሞ ካካዎ በውሃ አፍልታ ቁንጥር ጨው ታደርግበታለች። ጨው ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ «ያለቀሰ ሰው ጨው አልቆበታል» ትላለች። እውነት ይሁን አይሁን እኔ እንጃ፤ ግን ጠጥቼዋለሁ፣ ያጽናናል።

ይህቺ ሴት ሠላሳ ስምንት ዓመት በመንግሥት ትምህርት ቤት የልጆች ምሳ ስትቀቅል የኖረች ናት። አላገባችም። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሦስት ዓመት አመላልሷት አንድ ቀን ወደ ባሕሩ ዳር ወረደና በዚያው ቀረ፤ የትም አባቱ። ዛሬ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። የከተማችን የኦኮዋ ግማሿ በእሷ እጅ በልታ ያደገች ናት ቢባል ውሸት አይደለም። የምታውቀውን ደብቃ የማታውቅ፣ ከጠየቋት ለጠላቷም ቢሆን አሠራሩን የምታሳይ ሴት ናት ይባላል። ይባላል አልኩ እንጂ እኔስ የሆነውን አውቃለሁ፤ የነገረችኝም እሷው ናት። በሕይወቷ አንዴ ለአንድ ሰው አሠራር አጣማ ሰጥታለች። ያ ሰው ደግሞ የገዛ እህቷ ነበረች።

ነገሩ የጀመረው እናታቸው ዶኛ ቶማሲና ስትሞት ነው። ቶማሲና ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት አሥራ አንድ ወር አልጋ ላይ ተኝታለች። ያን ሁሉ ጊዜ ያገላበጠቻት፣ ያጠበቻት፣ በጭልፋ ያጎረሰቻት ኤርሲሊያ ናት። ታናሽየዋ ኔሬይዳ ከባሏ ጋር ዋና ከተማ ነበረች። እናትየው ግን ዓይኗን በገለጠች ቁጥር «ኔና መጣች?» ነው የምትለው። ኔና ማለት ኔሬይዳ ናት። «ነገ ትመጣለች ማማ» ትላለች ኤርሲሊያ፣ አንጀቷ እያረረ። ኔሬይዳም «በሳምንቱ እመጣለሁ» እያለች፣ በሳምንቱ ደግሞ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት፣ የደረሰችው ከቀብር በኋላ ሆነ።

ለሟች የሚደረገው የዘጠኝ ቀን ጸሎት ባለቀ ማግስት ኔሬይዳ ኩሽናው ውስጥ ተቀመጠችና «ሲላ» አለቻት፤ ኤርሲሊያን ቤት ውስጥ እንዲያ ነው የምትጠራት። «የማማን ጣፋጭ ቦሎቄ አሳዪኝ። ሁዳዴ ሲገባ እኔም ለእሷ መታሰቢያ መሥራት እፈልጋለሁ።»

ጣፋጭ ቦሎቄ የሌለበት ሁዳዴ እኛ ዘንድ ሁዳዴ አይደለም። የእኛ ጾም ሥጋ እንጂ ወተት አይከለክልም። ቀዩ ቦሎቄ ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶና ተጣርቶ፣ ከወተት፣ ከኮኮናት፣ ከስኳር ድንች፣ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ይንተከተካል፤ ዘቢብና የወተት ብስኩት ይደረግበታል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ይሠራና በጎድጓዳ ሳህን ለጎረቤት ሁሉ ይልካል። ጎረቤትም ቀምሶ ይፈርዳል። ያለ ይሉኝታ ይፈርዳል!

ኤርሲሊያ ሁሉንም በትክክል ነገረቻት። ኮኮናቱ ላይ ስትደርስ ግን ምላሷ ዞረ። ኮኮናት ተፍቆ ሲጨመቅ መጀመሪያ ወፍራም ወተት ይሰጣል፤ ውሃ ጨምረሽ ስትደግሚው ቀጭኑ ይወጣል። ቀጭኑ ከቦሎቄው ጋር ይበስላል። ወፍራሙ እሳቱ ከጠፋ በኋላ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፤ ከተንተከተከ ዘይቱ ተለይቶ ይንሳፈፋል፣ ድስቱም ይቋጠራል። ቶማሲና ይህን ያወቀችው ከእናቷ ነው። ኤርሲሊያ ግን «ኮኮናቱን ጠቅላላ ባንዴ ትጨምሪና በደንብ ይንተክተክ» አለቻት። በቃ፣ ይቺው ናት። በነጋታው አርማታለሁ ብላ አሰበች። በነጋታው ኔሬይዳ ሄደች።

ከዚያ የኔሬይዳ ባል ሌላ ሴት ይዞ ጠፋና እሷ ትንሹን ልጇን ራዳሜስን ይዛ ኦኮዋ ተመለሰች። የተከራየችው ቤት ልክ ከኤርሲሊያ ፊት ለፊት ነው። ሁዳዴ ገባ። ኔሬይዳ ስትለፋ ዋለች፣ ለአሥራ አራት ቤት ላከች፤ ዘይቱ ተንሳፍፎ፣ ታቹ ተቋጥሮ። ሰው ቀመሰና ተያየ።

«እግዜር የማጀት እጅ አልሰጣትም» አለች ዶኛ ካርሚታ፣ የጥጉ ቤት ባለቤት። በዓመቱ ደግሞ ባሰባት፤ «የኔሬይዳ ሳህን ሲመጣ ዶሮዎቼ ይሰለፋሉ» ብላ ሰፈሩን አሳቀችው። ያን ቀን ኤርሲሊያም አብራ ሳቀች። ይህን ስትነግረኝ ፊቷን በመዳፏ ሸፍና ነበር።

ሦስት ሁዳዴ ሞከረች ኔሬይዳ። ኮኮናት ለወጠች፣ ወተት ለወጠች፣ ድስት ገዛች። ሦስተኛው ዓመት ላይ ድስቱን ከነቦሎቄው ጓሮ ደፋችውና ከዚያ ወዲህ ሠርታ አታውቅም። የኤርሲሊያ ሳህን በየዓመቱ ይሄድላታል፤ እሷም አመስግና ትቀበላለች፣ አጥባ እንቁላል አድርጋበት ትመልሳለች። እህትማማቾቹ አልተጣሉም። በየቀኑ ይጠያየቃሉ፣ ይሳሳቃሉ። ኤርሲሊያ መንገዱን ተሻግራ አንዲት ቃል ብትናገር የሚያልቅ ነገር ነበር። ነገ፣ ነገ እያለች ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላው። መጀመሪያ እልህ ነበር፤ ኋላ ፍርሃት ሆነ። ሰው እንዲህ ነው፤ ትንሽ ክፋቱን ቶሎ ካልተናዘዘ አብሮት ያረጃል።

የዛሬ አራት ዓመት ኔሬይዳ ሆዷን ታመመች። ሐኪሞቹ ከፍተው አዩና መልሰው ሰፍተው ወደ ቤት ላኳት። ራዳሜስ፣ ያኔ ሚስትና ልጆች ያለው ትልቅ ሰው ሆኗል፣ አክስቱ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«አክስቴ፣ እህል እምቢ ብላለች። ካንቺ እጅ ከሆነ ምናልባት...»

ኤርሲሊያ የአጃውን መጠጥ ይዛ ሄደች። ኔሬይዳ ሁለት ማንኪያ ዋጠችላት። በማግስቱ የበቆሎ አጥሚት ወሰደችላት፤ አንድ ማንኪያ። ኔሬይዳ ትራሷ ላይ ሆና ትቀልዳለች፤ «ሲላ፣ ልታወፍሪኝ ነው እንዴ? የሬሳ ሣጥኑን እኮ በቀጭኑ አስለክቻለሁ።»

«ዝም በይ አንቺ! አፍሽ አያርፍም?»

ሆሳዕና አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው እንግዲህ ኔሬይዳ እጇን ይዛ የጠየቀቻት።

«አንድ ነገር በሞቴ። የማማን ቦሎቄ እዚህ፣ በእኔ ኩሽና፣ በእኔ ምድጃ ሥሪልኝ። እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ። አንድ ጊዜ እንኳን ከዚህ ቤት ሳይበላሽ ሲወጣ ልየው።»

ኤርሲሊያ እሺ ብላ ወጣች። ዝም ብላ በትክክሉ ልትሠራው አሰበች። ኔሬይዳ ድክም ብላ ዓይኗን ስትጨፍን ወፍራሙን ወተት መጨረሻ ላይ ጨመር ማድረግ ነው፣ ማን ያያል? ዓርብ ጠዋት ኮኮናቷን ፍቃ፣ ወፍራሙን ለብቻ ቀጭኑን ለብቻ በሁለት ጆግ ይዛ መንገዱን ተሻገረች።

ኔሬይዳ ዓይኗን አልጨፈነችም። በትራስ ተደግፋ ወንበር ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጣ እያንዳንዱን ነገር በቃሏ ትቆጥራለች። «አሁን ስኳር ድንቹን። በቅርንፉዱ አትሰስቺ፣ ስድስት ፍሬ ነው ያልሽኝ። ጨው ቁንጥር።» ሁሉም ያን ቀን ኤርሲሊያ እንደነገረቻት ነው፣ አንዲት ቃል አልጣለችም። ሠላሳ አንድ ዓመት ይዛው ኖራለች።

«አሁን ኮኮናቱን» አለች። «ጠቅላላውን ባንዴ። ከዚያ በደንብ ይንተክተክ።»

ኤርሲሊያ ቀጭኑን ጨመረች። ወፍራሙን ጆግ እንደያዘች ቆመች።

«ጨምሪው እንጂ! ምን ሆነሻል?»

«ይሄኛው አሁን አይገባም።»

«ምን ማለት ነው አይገባም?»

«የመጀመሪያው ወተት እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ከተንተከተከ ይለያያል።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከድሮም። ማማም እንዲያ ነው የምታደርገው።»

ኔሬይዳ ትንሽ ሳቅ አለች። «ያኔ ታዲያ ለእኔ ሳትነግሪኝ ረስተሽ ነው?»

አዎ ረስቼ ነው ብትል ያልቅ ነበር። መውጫው በር ወለል ብሎ ተከፍቶላት ነበር እኮ! ኤርሲሊያ ግን ጆጉን አስቀመጠችና ምድጃው ጠርዝ ላይ ተደገፈች።

«አልረሳሁም ኔና። አውቄ ነው።»

ቦሎቄው ቡልቅ ቡልቅ ይላል።

«ለምን?»

«አሥራ አንድ ወር እኔ ሳገላብጣት፣ እኔ ሳጥባት፣ አንቺን እየጠራች ሞተች። አንዴ እንኳን ሲላ አላለችም። ድስቷ ብቻ ነበር የቀረኝ፤ እሱንም ልትወስጂ የመጣሽ መሰለኝ። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። በነጋታው ላርመው ነበር። አፈር ልብላ፣ ላርመው ነበር።»

ኔሬይዳ ወደ ድስቱ ተመለከተች። «እሳቱን አጥፊውና ጨርሺው» አለች።

ኤርሲሊያ አጠፋችው። ወፍራሙን ወተት አፈሰሰችና አማሰለች፤ ድስቱ ልስልስ ብሎ አበራ። በትንሽ ሳህን ጨልፋ፣ እፍ እፍ ብላ አጎረሰቻት። ኔሬይዳ አፏ ውስጥ ይዛው ቆየችና ዋጠችው። ዕንባዋ በጉንጯ ወረደ።

«ይሄ ነው» አለች። «የማማ ይሄ ነው።» ከዚያ ሳህኑን በእጇ ገፋችው። «እኔ ማማ ይቅር ያላለችኝ ነበር የመሰለኝ።»

«ምን?»

«በሳምንቱ እመጣለሁ እያልኩ ቀርቼባት የለ? በየሁዳዴው ለእሷ እሠራለሁ፣ ይበላሻል። እንደገና እሠራለሁ፣ ይበላሻል። ማማ መታሰቢያዬን አልቀበልም አለች አልኩ። እንደ ተቀየመችኝ ሞታለች አልኩ። በሦስተኛው ዓመት ድስቱን ስደፋ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? ካልፈለግሽኝ እኔም አልፈልግሽም አልኳት። ለገዛ እናቴ! ከዚያ ወዲህ መቃብሯ ሄጄ አላውቅም። በዚያ በኩል ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። ሻማ እንኳን አብርቼላት አላውቅም ሲላ።»

ኤርሲሊያ እህቷ መቃብር እንደማትሄድ ታውቅ ነበር። ስንፍና ነው ብላ ለሰው ሁሉ ታማት ነበር። አሁን ወንበሩ ሥር በጉልበቷ ተንበርክካ የኔሬይዳን ቀሚስ ጨብጣ ጮኻ አለቀሰች። ራዳሜስ ከጓሮ ሮጦ ገባ፤ እናቱ በእጇ ውጣ አለችው፤ ወጣ።

«ይቅር በይኝ ኔና። ይቅር በይኝ።»

«አንቺንማ ይቅር ብዬሻለሁ» አለች ኔሬይዳ፣ እጇን የእህቷ ሽበት ላይ አሳርፋ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ብቻ ነው። «ምን ላድርግሽ? ያለሽኝ እህት አንቺው ነሽ፣ ቀኑም የለኝም። እኔን የሚያንገበግበኝ የማማ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጨካኝ ናት ብዬ ያማኋት እሷ ምን አደረገችኝ?»

«አሁኑኑ መቃብሯ ሄጄ እነግራታለሁ። የኔ ጥፋት ነው እላታለሁ። ሳህኑን ይዤ እሄዳለሁ።»

«ቁጭ በይ።»

«ልሂድ ኔና፣ ተይኝ።»

«ቁጭ በይ አልኩሽ። የት ትሄጃለሽ? እኔ ካንቺ ቀድሜ እደርሳለሁ፤ የራሴን እኔው እነግራታለሁ። አንቺ ተራሽ ሲደርስ ምን እንደምትያት አስቢ።»

ኔሬይዳ ከሆሳዕና በኋላ ባለው ማክሰኞ አረፈች። ከእናቷ አጠገብ ነው የቀበርናት። ኤርሲሊያ ዛሬም በር ላንኳኳ ሁሉ ታፈላለች፣ ታሳያለች፣ ትቆጣለች። ጣፋጭ ቦሎቄውን የሚጠይቃት ካለ ከኮኮናቱ ትጀምርለታለች፣ ሦስቴ ታስደግመዋለች። ዓርብ ዓርብ መቃብር ትሄዳለች፤ አንድ ሁለት ጊዜ አብሬያት ሄጃለሁ። ሻማ ታበራለች፣ አረም ትነቅላለች፣ ከኔሬይዳ ጋር ስለ ሰፈሩ ወሬ ታወራለች። ወደ ማማ ድንጋይ ስትዞር ግን አፏን ትከፍትና ትዘጋዋለች። ምን እንደምትላት እስካሁን አላገኘችም።