ለማናውቀው ወታደር የተተከለ ድንኳን

ልጅ እያለሁ ሰፈራችን ገርጂ ግማሹ ሜዳ ነበር። ዝናብ ሲያባራ ጭቃው ሳይደርቅ ወጥተን ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን፤ ወንዶቹ የካልሲ ኳሳቸውን ያንከባልላሉ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሜዳችን ላይ እስካቫተር ገብቶ አገኘነው። የናፍጣና የእርጥብ አፈር ሽታ አፍንጫችንን ሞላው። መጫወቻችንን ቢቀማንም ያ የብረት ክንድ አፈር ሲዝቅ ማየት ራሱ ጨዋታ ሆነልን።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክንዱ አየር ላይ እንዳለ ቆመ። ኦፕሬተሩ ዘሎ ወረደና ቆቡን አወለቀ። ከአፈሩ መሀል የሰው አጥንት፣ የዛገ የቀበቶ ዘለበት፣ የወታደር ኮዳና ትንሽ የብረት መስቀል ወጥቶ ነበር። ትልልቆቹ ወዲያው ገባቸው። መንግሥት በተለወጠበት ሰሞን በዚያ በኩል ተኩስ ነበር አሉ። የወደቀውን ያነሳው አልነበረም።

የግንባታው ፎርማን ሥራው እንዳይቆምበት ፈራ መሰለኝ፣ "ከአፈሩ ጋር ጫኑትና ይሂድ!" ብሎ አፈር ለሚያመላልሰው ገልባጭ መኪና ሾፌር በእጁ ምልክት ሰጠ።

እናቴ ከየት እንደመጣች አላየሁም። ነጠላዋን አውልቃ አጥንቱን ሸፈነችና ገልባጩ ፊት ተገተረች። ጎረቤታችን እትዬ ለተብርሃንም መጥተው አጠገቧ ቆሙ። የእናቴ ወንድም መላኩ የመንግሥት ወታደር ሆኖ ዘምቶ አልተመለሰም። የእትዬ ለተብርሃን ወንድም ኪሮስ ከወዲያኛው ወገን ተሰልፎ እንዲሁ ቀርቷል። ሁለቱ ሴቶች እሳትና ጨው እየተበዳደሩ ስንት ዓመት ሲኖሩ ስለ ወንድሞቻቸው አንድም ቀን አንስተው አያውቁም።

"እህቴ፣ ዞር በይ፤ ሥራ አታስፈቺን" አለ ፎርማኑ።

"አልልም። ከፈለግህ እኔንም ጫነኝ።"

"ለመሆኑ ዘመድሽ ነው?"

"አላውቅም። አለመሆኑን አንተ ታውቃለህ?"

የገልባጩ ሾፌር ሞተሩን አጠፋ። ፖሊስ ተጠርቶ መጣ፣ አየ፣ ጠያየቀ፤ በኋላም በክብር እንዲቀበር ተፈቀደ። አጥንቱ በነጭ አቡጀዲ ተጠቅልሎ ሣጥን ገባ።

የባሰው ትግል ግን ከእድሩ ጋር ነበር። ዳኛው ጋሽ ተካ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደንብ አጥባቂ ነበሩ እንጂ። "አባል ላልሆነ ሰው ድንኳን አይወጣም" አሉ። ከኋላቸው ከቆሙት ወንዶች አንዱ ደግሞ፣ "የየትኛው ወገን እንደሆነ ሳይታወቅ ምን ተብሎ ይለቀሳል?" አለ።

"እንግዲያው የእኔን ድንኳን ዛሬ ትከሉለት" አለች እናቴ። "እኔ ስሞት ያለ ድንኳን ቅበሩኝ።"

"አፈር የበላውን ልጅ ወገንህ ማን ነው ትሉታላችሁ?" አሉ እትዬ ለተብርሃን። "ምነው አታፍሩም?"

ጋሽ ተካ ድንኳኑ ያለበትን የዕቃ ቤት ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ለጥሩምባ ነፊው ሰጡት። እሱም ግራ ገብቶት፣ "ማን አረፈ ልበል?" ብሎ ጠየቀ።

"የሰው ልጅ በል" አለችው እናቴ።

በማግስቱ ማለዳ ጥሩምባው በየመንደሩ ሲዞር ሲያጉረመርሙ ያመሹት ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ቄሱ "ስሙን የፈጠረው ያውቀዋል" ብለው ፍትሐት አደረሱለት። እናቴ ስታለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት በር ዘግታ ነበር የምታለቅሰው። በመሀል እሷ "ኪሮስ፣ ኪሮስ" ስትል፣ እትዬ ለተብርሃን በትግርኛ እያለቀሱ "መላኩ" ሲሉ ሰማሁ። አንዷ የሌላዋን ወንድም ታለቅስ ነበር።

ዛሬ ሜዳው ላይ ፎቅ ቆሟል፤ ከሥሩ ካፌ ተከፍቷል። ሁለቱም ሴቶች አልፈዋል። ከእነሱ በኋላም ጦርነት መጣ፤ ስንቷ እናት ዛሬም በር በሩን ታያለች። ያኔ ለማያውቁት ሰው ድንኳን የተከለ ሰፈር ነበረን፤ አሁን የወደቀ ልጅ ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ይሳቅበታል።

በቀደም እዚሁ ከተማችን ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ምሳ ስንበላ አንዱ እንዲህ ያለ ፎቶ እየሳቀ አሳየን።

"አጥፋው" አልኩት።

"ምን ሆነሻል? የእኛ እኮ አይደለም።"

"ለእናቱ ምን ብለህ ታሳያታለህ?"

ከባልደረቦቼ አንዷ "ተይው ባክሽ፣ ምሳችንን እንብላ" ብላ እጄን ያዘችኝ። እጄን አስለቀቅሁና ከወንበሬ ተነሥቼ ከሰውየው አጠገብ ቆምኩ። ምግቤ ቀዘቀዘ፤ ሰዉ ሁሉ ዞሮ ያየኝ ጀመር። ይየኝ አልኩ። ሰውየው ስልኩን እያየ ተቁነጠነጠ፣ ወደ እኔ ቀና አለ፣ እንደማልቀመጥ ገባው።

አጠፋው።